ቀዩ ይሻላል ብርቱካናማው? ስሙ ለሌላ የተሸጠ የሞተር መጋዝ ሲገዛ

ጋራዤ ውስጥ ሁለት ቼይንሶዎች አሉ። አንዱ ቀይ ጆንሰሬድ 2171 ነው። ሌላው ብርቱካናማ ሁስክቫርና 372 ኤክስፒ። ቀዩን የገዛሁት እዚህ አሜሪካ ከአንድ ሰው ጓሮ ነው። ሰውዬው «ይሄ እንደ ብርቱካናማዎቹ እንዳይመስልህ፣ የድሮ ስዊድን ሥራ ነው» አለኝና ዋጋውን ሰቀለው። አመንኩትና ከፈልኩ። በብርዱ ወራት ሁለቱንም ፈታትቼ ሳጸዳ ፒስቶኖቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ስልክ ተደወለ፤ አውርቼ ተመለስኩ። የትኛው የየትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ።

የሞተር መጋዝ ወዳጆች ለቀለም ያላቸው ታማኝነት የቡናንና የጊዮርጊስን ደጋፊ ያስንቃል። ሁለቱም ጎራ ሌላውን መጋዝ በእጁ መንካት አይፈልግም። የቀዩ ጎራ ግን አንድ ችግር አለበት። ክለቡ ተሸጧል። ማልያው ቀይ እንደሆነ ቀረ እንጂ ተጫዋቾቹ የሌላው ናቸው።

ይህ መመሪያ ያገለገለ ቼይንሶ ለመግዛት አስቦ «ቀዩን ልውሰድ ወይስ ብርቱካናማውን?» እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው። ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰበትን ዶልማርንም አብሬ አይቻለሁ፤ የእሱ ታሪክ የጆንሰሬድን በደንብ ስለሚያስረዳ።

ማን ማንን ዋጠ?

ጆንሰሬድ በምዕራብ ስዊድን፣ ከጎተንበርግ አጠገብ ያለች ትንሽ የፋብሪካ መንደር ናት። ስዊድኖቹ ስሟን «ዩንሰሬድ» ብለው ነው የሚጠሩት። አሜሪካኖቹ በአፋቸው እንዳመቻቸው አደረጉት፤ እኔም መጋዙን ከእነሱ ስለገዛሁ እንደ እነሱ እጽፋለሁ። ፋብሪካው በ1830ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲጀመር ለመርከብ የሚሆን ሸራ ይሸምን ነበር። መሥራቾቹ ዊልያም ጊብሰንና አሌክሳንደር ኬይለር የተባሉ የስኮትላንድ ሰዎች ናቸው። ከሽመናው ሌላ የእንጨት ሥራ ማሽን ማምረት ያዘ። በ1954 ደግሞ የመጀመሪያውን ቼይንሶ አወጣ። ስሙን «ራኬት» አሉት፤ ሮኬት ማለት ነው።

ሁስክቫርና የተጀመረው በ1689 የጠመንጃ ፋብሪካ ሆኖ ነው። አርማውን ልብ ብላችሁ ብታዩት የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ነው። የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌትና ሞተር ሳይክል ሲሠራ ኖሮ የመጀመሪያውን ቼይንሶ ያወጣው በ1959 ነው። ስለዚህ በዕድሜ ብርቱካናማው ሽማግሌ ቢሆንም፣ በመጋዝ ሥራ ቀዩ በአምስት ዓመት ታላቅ ነው። የቀይ ወዳጆች ይህችን አምስት ዓመት መቼም አይረሷትም።

ከዚያ ኤሌክትሮሉክስ መጣ። አዎ፣ የፍሪጁ ኤሌክትሮሉክስ። በ1978 ሁስክቫርናን ገዛ፤ በዚያው ሰሞን ጆንሰሬድንም ጠቀለለ። ሌላውን የስዊድን መጋዝ፣ ፓርትነርን፣ እንዲሁ። በ2006 ሁስክቫርና ከኤሌክትሮሉክስ ተለይቶ ራሱን ሲችል ጆንሰሬድ ከቤቱ ዕቃ ጋር ተጭኖ አብሮ ሄደ።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ከሽያጩ በኋላም 630ንና 670ን የመሳሰሉ፣ የራሱ የጆንሰሬድ ንድፍ የሆኑ መጋዞች ወጥተዋል። ነገር ግን ቀስ በቀስ በቀዩ ልብስ ውስጥ የብርቱካናማው ሥጋና አጥንት ገባ። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ስሙ ከሱቅ መደርደሪያ ወርዷል። የሚገኘው ያገለገለው ነው።

ከስሙ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ገዛው?» አይደለም። «ገዢው ይህን ሞተር ዛሬም ይሠራል ወይ?» ነው። ሰዎች ብራንዱ ሲሸጥ ያለቅሳሉ። መጋዝ የሚሞተው ግን ስሙ ሲሸጥ ሳይሆን ሲሊንደሩና ፒስቶኑ መመረት ሲያቆም ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

ሁለተኛው፣ በአካባቢያችሁ ማን ይጠግነዋል? በጣም ጥሩ መጋዝ ይዞ ሠሪ ማጣት ራስ ምታት ነው። በራሳችሁ የምትፈቱ ከሆነ ይህን ጥያቄ ዝለሉት።

ሦስተኛው ደኅንነት ነው። የባሩ አፍንጫ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ምላስ መሳይ ብረት ጫፍ፣ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ፊታችሁ ሊፈናጠር ይችላል። ያኔ ሰንሰለቱን ቀጥ የሚያደርገው ፍሬን ነው። ከፊት እጀታው በላይ ያለው የእጅ መከላከያ ሲገፋ ይያዛል። በደህናዎቹ መጋዞች ላይ ደግሞ እጅ ሳይነካው፣ መጋዙ ሲፈናጠር በራሱ ይያዛል። በጣም አሮጌ መጋዞች ላይ ወይ ፍሬኑ የለም፣ ወይ ከዓመታት በፊት ወልቆ ተጥሏል። ንዝረትም አለ። ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ እጀታ የያዘ ሰው ጣቶቹ ነጥተው መደንዘዝ ይጀምራሉ፤ ይህ በእንጨት ቆራጮች ላይ በደንብ የታወቀ የሥራ በሽታ ነው።

አራተኛው ክብደትና ጉልበት። 50 ሲሲ፣ 60 ሲሲና 70 ሲሲ የተለያዩ ሰዎች መጋዞች ናቸው። ቅርንጫፍ ለሚመለምል ሰው 70 ሲሲ ወገብ መቁረጫ ነው።

አምስተኛውን ጥያቄ የአሜሪካም የአውሮፓም መመሪያዎች እምብዛም አይጠይቁትም፤ የእኛ አገር ሰው ግን ሊጠይቀው ይገባል። ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው የምትሠሩበት? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲያንስ የሞተሩ ጉልበት ያንሳል። ካርቡራተሩ ደግሞ ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ መጋዙ ያጨሳል፣ ይታነቃል። ይህስ በቪቴ ማስተካከያ ይፈታል። አደገኛው የተገላቢጦሹ ነው። ደጋ ላይ ቤንዚኑ የተቀነሰለት መጋዝ ቆላ ወርዶ እንደዚያው ሲሠራ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስቶኑ ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩን እየጫረ ይጣበቃል። ቁልቁል የወረደ መጋዝ ሁሉ እንደገና መስተካከል አለበት።

ዋጋ ስድስተኛ ነው። ከመግዣው ዋጋ በላይ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ፒስቶንና ሲሊንደር ሲፈለግ የሚጠየቀውን አስቡ።

የድሮው እውነተኛ ጆንሰሬድ

ይህ የቀይ ወዳጆች ሲያወሩ ዓይናቸው የሚበራበት ነው። 621፣ 630፣ 670 የመሳሰሉት። በእጃችሁ ስትይዙት ታውቁታላችሁ። መያዣው ሌላ ነው፣ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ነው፣ ድምፁ ሌላ ነው። 630 ከ61 ሲሲ ትንሽ ከፍ ይላል፤ 670 ደግሞ 67 ሲሲ ገደማ ነው። ዙሩ እንደ አዲሶቹ አይፈጥንም፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ግን ቶሎ አይደክምም። ፕላስቲኩ ጥቂት ነው። ቡሎኖቹ በቀላሉ ይገኛሉ፣ ይፈታሉ።

እዚህ ላይ ታማኝነቱ መሠረት አለው ብዬ አምናለሁ። ይህ መጋዝ በእርግጥ ሌላ ነበር። ሌሎች ሰዎች፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የነደፉት ነው።

ግን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ይህን ሞተር ዛሬ የሚሠራ የለም። መለዋወጫ የሚገኘው ከሞቱ መጋዞች፣ ከአሮጌ ክምችትና ሌሎች አምራቾች ከሚሠሯቸው ጥቂት ዕቃዎች ነው። ፒስቶኑ ይገኝ ይሆናል። የእጀታው ጎማ፣ የዘይት ፓምፑ ወይም የማቀጣጠያው ጥቅል ሲሄድ ግን ሁለተኛ መጋዝ ገዝቶ ማረድ ይመጣል። የቀይ ወዳጆች አንዱ ቢሠራ ሁለቱ የሚታረዱ ሦስት 670 መያዛቸው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮዎቹን የጎማ ቱቦዎች ይጎዳል። ስለዚህ የገዛችሁ ቀን ቱቦውንና የካርቡራተሩን ዲያፍራሞች (በውስጡ ያሉትን ስስ ሽፋኖች) ለመቀየር ተዘጋጁ።

እንግዲህ ይህ የፍቅር ግዢ ነው። ለፍቅር ከሆነ አይፈረድም። ለእንጀራ ከሆነ ግን አይሆንም።

ቀዩ መንትያ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

ጆንሰሬድ 2171 የሁስክቫርና 372 ኤክስፒ መንትያ ነው። ሁለቱም 70.7 ሲሲ ናቸው። ፒስቶኑ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ 36 ሚሊ ሜትር ይመላለሳል። ሲሊንደሩ፣ ፒስቶኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ባሩ የሚቀመጥበት ቦታ ያው ነው። 2172 ደግሞ የአዲሱ፣ ቤንዚን ቆጣቢው 372 ኤክስ-ቶርክ መንትያ ነው። 2166 በ365 ኤክስ-ቶርክ ላይ ተመሠረተ፤ እሱም ጉልበቱ ትንሽ ተገድቦ ከመውጣቱ በቀር ያው 70.7 ሲሲ ነው። 2260 ከ562 ኤክስፒ፣ 2252 ከ550 ቤተሰብ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልብሱ። የላይኛው ክዳን፣ የገመዱ መሳቢያ ሽፋን፣ የእጀታው ቅርጽ፣ በአንዳንዶቹም የአየር ፊልትሮው። እና ስሞች። ሞተሩ የሚስበውን አየር አሽከርክሮ ቆሻሻውን አስቀድሞ የሚያስወጣ ዘዴ አለ። ብርቱካናማው ላይ «ኤር ኢንጄክሽን» ተብሎ ተጽፏል። ቀዩ ላይ «ቱርቦ»። አንድ ወዳጄ ለስንት ጊዜ መጋዙ የእውነት ቱርቦ ያለው መስሎት ሲፎክር ኖሯል።

ስለዚህ በቀዩ መንትያ ላይ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። አንደኛ፣ «የድሮ ስዊድን ሥራ ነው» ለሚል ሻጭ ጭማሪ አትክፈሉ። ስዊድን ሥራነቱ እውነት ነው፤ ብርቱካናማውም ስዊድን ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ብልህ ገዢ ይህን በተቃራኒው ይጠቀምበታል። ብዙ ሰው «ጆንሰሬድ ተዘግቷል፣ ዕቃ የለውም» ብሎ ይፈራል። ፈሪ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። ያኔ 372ን በቅናሽ፣ ያውም በቀይ ልብስ ታገኛላችሁ ማለት ነው።

ዕቃ ስትፈልጉ በብራንዱ ስም አትፈልጉ። በዕቃው ቁጥር ፈልጉ። የጆንሰሬድ መንትዮች ዕቃዎች እንደ ሁስክቫርና ሁሉ ብዙውን ጊዜ በ503 ወይም በ537 የሚጀምር ቁጥር አላቸው። ለሻጩ ቁጥሩን ስጡት እንጂ ቀለሙን አትንገሩት። የማይገኝ ነገር ቢኖር የልብሱ ክፍሎች ናቸው። ክዳን ስበሩና ቀይ ክዳን ፈልጉ፣ ያኔ ነው መከራው። የእኔ 2171 የገመድ ሽፋኑ ጫፍ ተሰንጥቆ ወር ሙሉ በሽቦ ታስሮ ሠርቷል።

ብርቱካናማው ራሱ

372 ኤክስፒ ያለ ባርና ሰንሰለት 6.1 ኪሎ ይመዝናል። ጉልበቱ 5.3 የፈረስ ጉልበት ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡና ከተወደዱ ባለሙያ መጋዞች አንዱ ስለሆነ ዕቃው በየትም ይገኛል። ኦሪጅናሉም፣ ተመሳስሎ የተሠራውም። ይህ ትልቁ ጥንካሬው ነው። እንዲያውም የቻይና አምራቾች ሙሉውን 372 ገልብጠው ይሸጣሉ። ስለ ኮፒዎቹ በአጭሩ፦ ለመለዋወጫ ያግዛሉ፤ እንደ ዋና መሣሪያ ግን ዕድል ነው። አንዱ ደህና ይወጣል፣ አንዱ ኩሽኔታው በሳምንት ይጮኻል።

በአሮጌው 372ና በኤክስ-ቶርኩ መካከል ስትመርጡ፦ ኤክስ-ቶርክ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው እንዳያመልጥ በንጹሕ አየር የሚያግድ አሠራር ነው። አምራቹ እስከ 20 በመቶ ቤንዚን ይቆጥባል ይላል። በደንብ ለሚሠራበት ሰው ይህ ገንዘብ ነው። አሮጌው ግን ቀላል ነው፣ ሲበላሽም ለመረዳት አይከብድም። ራሳችሁ የምትጠግኑ ከሆነ አሮጌውን፣ ሱቅ የምትወስዱ ከሆነ አዲሱን።

አዳዲሶቹ 550፣ 562ና 572 ኤክስፒ «ኦቶቱን» የሚባል በራሱ የሚስተካከል ካርቡራተር አላቸው። ከላይ ስለ ከፍታ ያልኩትን አስታውሱ። ደብረ ብርሃን ወጥቶ አዋሽ ለሚወርድ መጋዝ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ቪቴ የሚነካ ሰው አያስፈልግም። በሌላ በኩል ሲበላሽ በኮምፒውተር የሚመረምር ወኪል ይፈልጋል። ወኪል በሌለበት ቦታ አንድ ትንሽ ቫልቭ መጋዙን ሙሉ በሙሉ ሬሳ ታደርገዋለች። ሁለቱን አመዛዝኑ።

ዶልማር፦ የባሰ ዕጣ

ጀርመናዊው ኤሚል ሌርፕ በ1927 የቤንዚን ቼይንሶውን የሞከረው ቱሪንገን ውስጥ ባለ ዶልማር በተባለ ተራራ ላይ ነው። ስሙም ከዚያ ወጣ። ያ መጋዝ 58 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ሁለት ሰው ተሸክሞ ነው የሚቆርጥበት። በ1991 የጃፓኑ ማኪታ ዶልማርን ገዛ። ከዚያ ያው የጀርመን መጋዝ ቀይ-ብርቱካን ለብሶ ዶልማር፣ ሰማያዊ-አረንጓዴ ለብሶ ማኪታ እየተባለ ተሸጠ።

የዶልማር ፒኤስ-7900 ወዳጆች ከጆንሰሬዶቹ የማይተናነስ አክራሪዎች ናቸው። አልፈርድባቸውም። 78.5 ሲሲ መጋዝ በ70 ሲሲ ክብደት ነው። 6400፣ 7300ና 7900 አንድ አካል ናቸው። ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርዝመት በሦስቱም 37 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለየው ስፋቱ ብቻ ነው፦ 47፣ 50ና 52 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ለኪራይ አገልግለው በርካሽ የሚሸጡ 64 ሲሲ ማኪታዎችን ገዝተው ትልቁን ሲሊንደር ይገጥሙላቸው ነበር። ርካሽ 79 ሲሲ! ይህ ለዓመታት የታወቀ የመጋዝ ወዳጆች ጨዋታ ነበር።

ማኪታ ግን በ2022 ቤንዚን የሚጠጡ ማሽኖችን ማምረት በሙሉ አቆመ። ፊቱን ወደ ባትሪ አዞረ። ልዩነቱ ይታያችሁ። ጆንሰሬድን የወረሰው ሁስክቫርና የዚያኑ የመንትያውን ሞተር ዕቃ አሁንም ያቀርባል። ዶልማርን የዋጠው ከቤንዚን ሥራው ራሱ ወጣ። ለ7900 ዕቃ ዛሬ ይገኛል፣ ኮፒዎችም አሉለት። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ከድሮው ጆንሰሬድ ጎን የሚሰለፍ ይመስለኛል።

ያልተሸጠውስ?

ሽቲልን ካላነሳሁ ትቆጡኛላችሁ። ከ1926 ጀምሮ እስከ ዛሬ በቤተሰብ እጅ ያለ የጀርመን ኩባንያ ነው። ስለዚህ የቀለም ሐዘን የለበትም። ኤምኤስ 261 ባለ 50.2 ሲሲና 4.9 ኪሎ ነው፤ ኤምኤስ 462 ባለ 72.2 ሲሲ። ዕቃው በወኪል በኩል ይመጣል፤ ኦሪጅናሉ ረከስ አይልም። ብዙ ኮፒ ስላለውም ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። ጥሩ መጋዝ ነው፤ ይኸው ነው።

በአጭሩ በሠንጠረዥ

| ምርጫ | ሞተሩ ዛሬ ይደገፋል? | መለዋወጫ | ፍሬንና ንዝረት | ከፍታ ሲቀያየር | ያገለገለ ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| የድሮ ጆንሰሬድ (621፣ 630፣ 670) | የለም | ከታረዱ መጋዞች | እንደ ሞዴሉ፤ መፈተሽ ግድ ነው | በእጅ ይስተካከላል | ከርካሽ እስከ ውድ፣ እንደ ወዳጁ |
| ቀዩ መንትያ (2171፣ 2172፣ 2166) | አዎ፣ በሁስክቫርና በኩል | የሞተሩ በብዛት፤ የክዳኑ በችግር | ጥሩ | በእጅ ይስተካከላል | ብዙ ጊዜ ከብርቱካናማው ዝቅ |
| ሁስክቫርና 372 | አዎ | በየትም | ጥሩ | በእጅ ይስተካከላል | መካከለኛ፣ ዋጋውን አይጥልም |
| ሁስክቫርና 550፣ 562፣ 572 | አዎ | በወኪል | በጣም ጥሩ | በራሱ ይስተካከላል | ውድ |
| ዶልማር/ማኪታ 6400–7900 | አምራቹ ከቤንዚን ወጥቷል | ዛሬ አለ፣ ነገ አጠራጣሪ | ጥሩ | በእጅ ይስተካከላል | ለጉልበቱ ርካሽ |
| ሽቲል 261፣ 462 | አዎ | በወኪል | በጣም ጥሩ | እንደ ሞዴሉ | ውድ |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

ለማገዶ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚቆርጥ ሰው፦ ከእነዚህ አብዛኞቹ ይበዙበታል። ንጹሕ 50 ሲሲ ከየትኛውም ቀለም ይበቃዋል። ጓሮ ብቻ ከሆነ የባትሪ መጋዝ ግዙና ከቤንዚን ማደባለቅ ተገላገሉ።

በመጋዝ ለሚተዳደር ሰው፦ በአካባቢው ወኪል ያለው የትኛውም አዲስ መጋዝ። ብርቱካናማ ወይም ሽቲል። ስሜት የለም እዚህ። መጋዙ የቆመበት ቀን ያለ ገቢ የዋለበት ቀን ነው።

ትንሽ ገንዘብ ይዞ ትልቅ መጋዝ ለሚፈልግ፣ መፍታትም ለሚችል፦ ቀዩ መንትያ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ አልደብቅም። ቀጥሎ ዶልማር፤ ግን አንድ ፒስቶንና ሲሊንደር ዛሬውኑ ገዝታችሁ ካስቀመጣችሁ ነው።

ለሰብሳቢና ለወዳጅ፦ 670 ግዙ፣ ሁለተኛውንም ለመለዋወጫ። ምክሬ አያስፈልጋችሁም።

አገር ቤት ለቤተሰብ ለመላክ፦ ይህኛው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። አጎቴ ጎጃም ውስጥ ባህር ዛፍ አለው። ደውዬ «ጋሼ፣ ቀዩን ነው ብርቱካናማውን የምትፈልገው?» አልኩት። «የሚነሳውን፣ ልጄ» አለኝ። ትክክል ነው። ለአጣናና ለማገር የሚቆረጥ ባህር ዛፍ ቀጭን ነው፤ 70 ሲሲ አያስፈልገውም፣ 50 ሲሲ በደንብ ይጨርሰዋል። ወፍራም ግንድ ለጣውላ የሚሰነጥቅ ከሆነ ብቻ ነው ትልቁ የሚያስፈልገው። ከመግዛታችሁ በፊት መርካቶ የሚያውቅ ሰው ልካችሁ የየትኛው መጋዝ ፒስቶን፣ ካንዴላና ሰንሰለት መደርደሪያ ላይ እንዳለ አስጠይቁ። መልሱ ምርጫችሁ ነው። ደጋ ስለሚሠራና በኮምፒውተር የሚመረምር ወኪል በቅርብ ላይኖር ስለሚችል ካርቡራተሩ በእጅ የሚስተካከል ይሁን፤ አስተካካዩም ይታወቅ። ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ። ከመጋዙ ጋር ደግሞ ሦስት ሰንሰለት፣ ሞረድ፣ የራስ ቁርና የጆሮ መከላከያ ላኩ። ሰው መጋዙን ይልካል፣ ሞረዱን ይረሳል፤ በሁለት ሳምንት የደነዘ ሰንሰለት የትኛውንም መጋዝ ሰባራ ያስመስለዋል። አንድ ወረቀት ላይም ይህን ጻፉ፦ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት፣ ለአምስት ሊትር 100። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ የተሞላ መጋዝ ቀኑን አይጨርስም።

ሻጩ ፊት ስትቆሙ

ቀለሙን እርሱትና ማርሚታውን እንዲፈታላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ቡሎን ነው። በቀዳዳው ፒስቶኑ ይታያል። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደህና ነው። ቁልቁል የተጫረ መስመር ካለው ሞተሩ ነክሷል፤ ሻጩ ምንም ቢል ዋጋው የመለዋወጫ ዋጋ ነው። «ማርሚታው አይፈታም» ካለ እናንተም ኪሳችሁን አትፍቱ።

ገመዱን ይዛችሁ መጋዙን አንጠልጥሉት። ደህና ሞተር እየተንገጫገጨ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ዝም ብሎ ከተንሸራተተ መጭመቂያው ደክሟል። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፊት እጀታውን ለቃችሁ የባሩ አፍንጫ ጉቶ ላይ እንዲወድቅ አድርጉ፤ ፍሬኑ በራሱ ቀጭ ማለት አለበት። ካላለ በዚያ መጋዝ አትቁረጡ፣ እስኪጠገን። የሞዴል ቁጥሩን አንብቡና ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። 21 ወይም 22 ብሎ የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ቀይ መጋዝ ከሆነ ስለ «ድሮ ሥራ» የሚነገረውን ፈገግ ብላችሁ ስሙት።

በመጨረሻ አስነሱት። ቀዝቃዛውን። ስትደርሱ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ምክንያት አለው፤ እስኪበርድ ድረስ አብራችሁት ቡና ጠጡ።